በር ላይ የተሰነቀረው መደርደሪያ

ለልጄ ለጸደንያ፣ ከእናትሽ ከሰርካለም፤

ባለፈው ቅዳሜ የአያትሽ ትልቁ የመጽሐፍ መደርደሪያ በሩ መሃል ሲሰነቀር አጎትሽ አምላኩ የአባቴን ውርስ ሊያካፍሉን ከመጡት ሽማግሌዎች ጋር ቤት ውስጥ ቀረ። እኔ ደጅ ነበርኩ። አምላክ በሰው አገር ይጠብቅሽ፤ ቢቸና ሁላችንም ደኅና ነን፣ እኔን ብቻ በሳቅ ሆዴን አሞኛል።

ሽማግሌዎቹ «መጽሐፉ ለሰርካለም፣ መደርደሪያው ለወንዱ ልጅ» ብለው ፈርደው ነበር። አምላኩ ሞጣ በከፈተው ግሮሰሪ አረቄ ሊደረድርበት! አባቴ ግን ያንን የዋንዛ መደርደሪያ ያሠራው እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በሩ ሳይገጠም ነው። በበሩ ይወጣ እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

«ሰርኬ፣ በሩን ትንሽ ብናፈርሰውስ?» አሉኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ይስማው በክፍተቱ።

«መጀመሪያ ፍርድዎን ያፍርሱ፣ ጋሼ!»

አምላኩ በመስኮት ዘሎ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ከነጋቢያቸው በመስኮት መውጣት ነውር ሆነባቸው። መደርደሪያውን ወደ ውስጥ መመለስ ደግሞ መሸነፍ መሰላቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ረሃቡ ሲጠና ፍርዱን ሽረው፣ መደርደሪያውም ለእኔ እንዲሆን ወስነው ወደ ውስጥ መለሱት።

አደራ ልጄ፣ አጎትሽ ደውሎ «እናትሽን ለምኚልኝ» ቢልሽ፣ ጤንነቱን ጠይቀሽ ስልኩን ዝጊ። ዕድሜና ዕውቀት ይስጥሽ። እኔ ከእንግዲህ ንባቡን ለሴት፣ ንብረቱን ለወንድ የሚያካፍል ሽምግልና አልቀበልም።