የፓምፑን ሽቦ መልሼ አልደፍንም

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

ብርድ። ነፋስ የለም። መረብ ስጠግን ዋልኩ። ማምሻውን ጀልባዋ ውስጥ የሚገባውን ውሃ የሚያወጣውን ፓምፕ ሞከርኩት... ዝም። ደግሜ ብጫነው ትንሽ አጉረመረመና ቆመ።

የሽቦውን መጋጠሚያ አጎቴ ኦድቫር ነው የመስኮት ጠርዝ በሚደፈንበት ሲሊኮን የደፈነው። ያኔ ሲሊኮኑ እስኪደርቅ ጀልባዋ በሙሉ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ትሸት ነበር። በቢላ ፈለቀቅኩት። መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ጨው በላው ስንል የሲሊኮኑ ኮምጣጤም አግዞታል።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

ለአጎቴ አሳየሁት። የጀልባዋ ግማሽ የሱ ነው፣ ግማሹን ከአባቴ ወርሻለሁ።

«ፋቂውና መልሰሽ ድፈኚው።»

«የገደለውኮ ድፈናው ነው።»

«አባትሽም በዚሁ ነበር የሚደፍነው።»

«አባቴም ፓምፑን በእርግጫ ነበር የሚያስነሳው።»

አልሳቀም። ሐሙስ ሁሉም ኮድ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ ይወጣል። አብሬ ካልወጣሁ መሪውን ለልጁ ባል ለቶርጌር ይሰጣል። ይስጣ። ውሃ በማያወጣ ፓምፕ ግን አልወጣም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 5

ቆረጥኩት። የፓምፑን ብቻ አይደለም፣ የመብራቱንም የሬዲዮውንም። ንጹሕ መዳብ እስካገኝ ወደ ኋላ እየቆረጥኩ... መርዙ ሽቦው ውስጥ ምን ያህል ርቆ ሄዷል! መዳቡን ጨው እንዳይበላው ነጭ ልባጥ ያለው የባሕር ሽቦ ቀጠልኩ። መጋጠሚያውን በፒንሳ ጨምቄ፣ ውስጡ ሙጫ ያለው ላስቲክ አልብሼ በሙቀት አኮማተርኩት። ከውሃው ከፍ አድርጌ አሰርኩት። ጣቶቼ አልታዘዝ ብለዋል።

ቶርጌር ወደቡ ላይ ቆሞ ያየኛል።

«ሶልቪ፣ ኮዱ ሽቦሽን አይቶ ነው እንዴ የሚመጣው?»

«አይ። አንተን አይቶ እንዳይሸሽ ግን መሪውን አልሰጥህም።»

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

ሁሉም ወጡ። እኔ ከነጀልባዋ ቀረሁ። አለቀስኩ፣ ከንዴት ነው።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 7

ጨረስኩ። የባትሪውን ጫፎች ግሪስ ቀባሁ። አጎቴ መጣ።

«የጀልባዋን ቁልፍ አምጪ።»

«አልሰጥም። ቶርጌር መውጣት ካማረው የኔን ግማሽ እዚህ ትቶ ይውጣ።»

አዲሱን መጋጠሚያ በጣቱ ጎተት አደረገው።

«እንግዲያው ነገ አብሬሽ እወጣለሁ» አለ። ስህተት ሊፈልግብኝ ነው። ይፈልግ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8

ወጣን። ኮድ ጥሩ ነበር፣ ሰማዩ ግን ተበላሸ። ስንመለስ ማዕበል ከኋላ ወጣብንና ውሃው ታች ሞላ። አጎቴ ባልዲ ይዞ ሮጠ። ፓምፑ ቀድሞት ተነስቷል። ባልዲውን እንደያዘ ቆሞ አዳመጠው። ወደቡ እስክንደርስ ፓምፑ አላቋረጠም።

«አባትሽ ድፈናውን ቆርጠሽ መጣልሽን ቢያይ ይቆጣ ነበር» አለኝ።

«ይቆጣ።»

ቶርጌር ገመዳችንን ተቀብሎ፣ «ታዲያ መሪውን መቼ ነው የምረከበው?» አለ።

አጎቴ ዞር እንኳ አላለም። «ገመዱን እሰርና እሷን ጠይቃት።»

ጠየቀኝ። አይሆንም አልኩት።