ስሜን ስላጠፋሽልኝ

እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ሞላ። ባለፈው እሑድ ሙት ዓመትሽን አሰብን።

ቤቱ ደህና ነው። ልጄ ሰላም ኮሌጅ ገብታ ኬኔሶ ከተማ ከጓደኞቿ ጋር ተከራይታለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሷን ልታጥብ ትመጣለች። እኔ የኤርፖርቱን ሥራ ትቼ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። ክፍልሽን ቀለም ከመቀባት በቀር አልነካነውም። ከጓሮ የዘራሽው ጎመን ዘንድሮም በቅሏል። ሜክሲኳዊቷ ጎረቤታችን እየመጣች ትቆርጣለች፤ አንቺ የፈቀድሽላትን እኔ አልከለክላትም።

ዛሬ የምጽፍልሽ በሕይወት ሳለሽ በቅጡ ያላመሰገንኩሽን አንድ ነገር ላመሰግንሽ ነው። ስሜን ስላጠፋሽልኝ።

ያ ሰውዬ ናዝሬት ሰፈራችን የመጣው በደርግ ጊዜ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ቦርሳ የያዘ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ትሁት ሰው ነበር። ባለሱቁን፣ አስተማሪዎቻችንን፣ ጎረቤቱን እየዞረ ስለ እኔና ስለ ግርማ ጠየቀ። ግርማ እናትና አባቱ ሞተውበት ከአጎቱ ጋር ይኖር ነበር፤ እኔና እሱ አንደኝነትን እየተቀማማን ነው የተማርነው። ሁለታችንም የድሃ ልጆች ነን፤ ባለርስት ዘመድ የለንም። የሚፈለገው ይኸው እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው።

ሰፈሩ ግን ሰውዬው ልጅ ሊድር የመጣ መሰለው። ስለ ወጣት ወንድ ጠባይ ቤት ለቤት የሚጠይቅ እንግዳ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ስለዚህ ሁሉም አመሰገነን። ወይዘሮ አስካለማ «ሁለቱንም ውሰዷቸውና አንዱን ለታናሿ አድርጉት» አሉት ተብሎ ሲሳቅ ሰነበተ።

አንቺ ብቻ አልተሳሳትሽም። እንዴት እንዳወቅሽ የነገርሽኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እዚሁ አትላንታ፣ ምስር እየለቀምሽ ነው። «ሊድር የመጣ ሰው ስለ ዘር ይጠይቃል። ይኼ ስለ ምላስህ ነበር የሚጠይቀኝ። ይጠጣል ወይ? ሲጠጣ ያወራል ወይ? ሚስጥር ይችላል ወይ? ይኼ ለሙሽራ ምን ያደርግለታል?» አልሽኝ። ደግሞም ሰውዬውን አይተሽዋል። ከጥቂት ዓመት በፊት አንሶላ በምታጥቢበት ሆቴል አርፎ ስለ አንድ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ሲያጣራ ነበር። ልጁ ለትምህርት ነው ተብሎ ሄደ። ሲመለስ እናቱ የት እንደሚሠራ አታውቅም፤ ጎረቤቱ ግን እሱ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

እና ስሜን አጠፋሽው። «አንጀቴን ነው ያቃጠለው፤ ይጠጣል። ጠጥቶ ሲተኛ ይለፈልፋል፤ የሰው ጉድ ሳይቀር ሲዘረግፍ ያድራል» አልሽው። ለእሱ ብቻ ብትነግሪው ሌላው እንደሚያፈርስብሽ ስላወቅሽ፣ በማግስቱ ለባለሱቁም፣ ቧንቧ ጋ ለተሰለፈውም ነገርሽ። ብዙም ሳይቆይ ስም ወጣልኝ። «ሬዲዮ፣ የዛሬ ዜና ምንድን ነው?» ይሉኛል ሳልፍ። የክፍሌ ልጅ የአልማዝ እናት ልጃቸው ከእኔ ጋር እንዳታጠና ከለከሏት። ጠላ እንኳ ቀምሼ አላውቅም ነበር።

ለወራት አላናገርኩሽም። ሰውዬው ለእኔ የውጭ ትምህርት ዕድል ብሎኝ፣ ምሥራቅ ጀርመንን ከካርታ ላይ እያየሁ ነበር የምተኛው። አንቺም አላስረዳሽኝም፤ የተናደደ ልጅ የነገሩትን ደጅ አውጥቶ ይዘረግፈዋል ብለሽ ፈራሽ። ራት ታቀርቢና «ብላ፣ ሬዲዮ» ትይኛለሽ። እበላ ነበር፤ ይርበኝ ነበርና።

ግርማ ሄደ።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በኬንያ በኩል ዞሮ ዞሮ እዚህ መድረሱን ታውቂያለሽ። እዚሁ አትላንታ አጠገብ፣ ብሩክሄቨን፣ አረጋውያንን እየተንከባከበ ይኖራል። የኛ ሰው የደርግ ደህንነት እንደነበረ ስለሚያውቅ እሱ ሲቀመጥ ወሬ ይቀይራል። አንቺ ግን በየእሑዱ «ያን ልጅ አምጣው» ትይኝ ነበር። ደግነትሽ ነው ብዬ አመጣዋለሁ።

ያስተማሩትን የነገረን በኛው ሳሎን ነው። ከከተማ ወጣ ያለ ግቢ አስገቧቸው። ሌላ ስም ሰጧቸው፤ በራሱ ስም የተጠራ ይቀጣል። ለቤተሰብ፣ ወደ ውጭ ከመሄዳችን በፊት መሠረተ ትምህርት ዘምተናል ብለው ጻፉ። ጠዋት ፖለቲካ፣ ከሰዓት አንድ ፈረንጅ በአስተርጓሚ። አንዳንድ ቀን አውቶቡስ ተራ ወስደው ይለቋቸዋል። አንድ መንገደኛ መርጠው፣ ሳያስነቁ ሲከተሉት ይውሉና ማታ በቃላቸው ያወርዱታል፤ የጫማው ማሰሪያ፣ የገዛው ጋዜጣ፣ ሰላም ያለው ሰው። መጻፍ ክልክል ነው። አንዴ የሰማኸውን ካልያዝክ አትሆንም ይባላል። እያንዳንዱ ሰልጣኝ አጠገቡ ስለሚተኛው ልጅ በምስጢር እንዲያመለክት ታዟል፤ እያንዳንዱም የታዘዝኩት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ያስባል። በበዓል ቀን መጠጥ በነፃ ይቀርባል፤ በማግስቱ ማን ምን እንደቀባጠረ ፊት ለፊት ይነገረዋል። ግርማ ይኼን ሲያወራ «ሬዲዮማ በመጀመሪያው ፋሲካ ይባረር ነበር» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አንቺ ተነስተሽ ወጥ ቤት ገባሽ።

በአርባሽ ቀን ሰው ከተበተነ በኋላ ግርማን እስከ ዶራቪል ባቡር ጣቢያ በመኪናዬ ሸኘሁት። ፓርክ አደረግኩ። አልወረደም።

«የመለመለኝ ሰውዬ ኋላ አለቃዬ ሆነ» አለኝ። «አንድ ቀን ምን አለኝ መሰለህ? ‹ከሰፈራችሁ ሁሉ አሳምራ የመሰከረችልህ አንዲት ልብስ አጣቢ ናት። የራሷን ልጅ አዋርዳ አንተን ከፍ አደረገችህ። ጨዋ ነው፣ የሰማው ከሆዱ አይወጣም አለችኝ። ልጇ ሰካራም ነው ማለቷን አላመንኳትም። ግን እንዲህ የምትሟገትለት እናት ያለችው ልጅ ለኛ አይሆንም። እኛ የምንወስደው የሚከራከርለት የሌለውን ነው› አለኝ።»

እማዬ፣ ሰውዬው ማን እንደሆነ እያወቅሽ ነው ግርማን ያመሰገንሽለት።

ይኼን ሁሉ ዓመት ይዘህ እንዴት ከገበታዋ በላህ አልኩት። «እንደማውቅ ታውቅ ነበር» አለኝ። «መጀመሪያ ቀን በር ስትከፍትልኝ ፊቷን አይቼ ገባኝ። እኔም እናት ብትኖረኝ አንተን ትሰጣቸው ነበር። በል፣ ባቡሩ እንዳያመልጠኝ።» ወረደ።

ብዙ አሰብኩበት። ልፈርድብሽ አልችልም፤ ያተረፍሽው ሰው እኔ ነኝ። ማንንም ሳልከተል፣ ማንም እኔን ሲያይ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ ሃምሳን አለፍኩ። ሰላም የአባቴ ሥራ ይኼ ነው ብላ ሳትደብቅ ትናገራለች። አውቶቡሴ ላይ የሚሳፈሩት ልጆች አይፈሩኝም፤ እንዲያውም በመላጣዬ ይቀልዳሉ። ይኼን ኑሮ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። ግርማ ምን እንደከፈለበት እያወቅሁ አመሰግንሻለሁ። ሳላውቅ ከማመሰግንሽ ይኼ ይሻላል።

ባለፈው እሑድ ንስሐ አባትሽ አልነበሩም። አዲሱ ቄስ ጸሎቱን ሊጀምሩ «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ጠፋኝ። እናቴን እማዬ እንጂ ሌላ ብዬ ጠርቼ አላውቅም። ሰላምን አየኋት፤ እሷም አታውቅም። ሰው ሁሉ ይጠብቀኛል።

ከኋላዬ ግርማ «ወለተ ጊዮርጊስ» አለ።

ልጆች ሳለን አንድ ቀን ለቄስ ስትነግሪ ሰምቶ ነው። አንድ ቀን ብቻ።

ስለዚህ አልረሳሽም ብዬ አልምልልሽም። የምችለውን ያህል ግን እይዛለሁ፤ ስለ እኔ ያልሽውንም፣ ስለ እሱ ያልሽውንም፣ ሁለቱን ሳልነጣጥል። ሰላም ስትጠይቀኝም ሁለቱንም እነግራታለሁ። የጠፋኝን ግርማን እጠይቀዋለሁ። እሱ ካንቺ የወጣውን ቃል አንዱንም አልረሳም፤ እንዲያም ሆኖ ስምሽን ለጸሎት የሰጠው እሱ ነው።

ልጅሽ