የሚልኪ ቀብድ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ አመሻሽ ላይ የሚልኪ ወላጆች ከዱከም ፋብሪካ ወደ አዳማ ሲመለሱ ልጅቷን ይዘው ቤቴ መጡ። አባትየው ገና ሳይቀመጥ ልጃችንን ቀን ቀን እንድትይዥልን የሰጠንሽን ቀብድ መልሺ አለኝ። ቤቴን ዘግቼ በጠፋሁባቸው ቀናት ሚልኪን የሚይዝላቸው አጥተው እሱ ከሥራ ቀርቷል። አሁን ሌላ ሴት አግኝተዋል።

“ያፈረስሽው አንቺ ነሽ። በደንቡ ቢሆን እጥፍ ነበር የምትመልሺው” አለ።

ደሜ ፈላ። እኔ በግ ሻጭ ነኝ እንዴ? ለእሷ ቦታ ይዤ የሌላ ሰው ልጅ አልቀበልም ብያለሁ። ይህንኑ ልነግረው አፌን ስከፍት እናትየው ልብሴን አየች።

“ጥቁር ለብሰሻል” አለች ቀስ ብላ።

አክስቴ አርፋ አዳሚ ቱሉ ለቅሶ ላይ እንደነበርኩ ነገርኳቸው። ለካ ጎረቤቴ “አገር ቤት ሄዳለች” ብቻ ነው ያለቻቸው። እኔም በድንጋጤ መደወል አልመጣልኝም።

አባትየው ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ። “እግዚአብሔር ያጽናሽ” አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ገንዘብ ማን ያወራል? አክስቴ ታማ እንደሆነ፣ ልጆች እንዳሏት ጠየቁኝ። በዚህ መሃል ሚልኪ የለመደቻትን ትራስ ከጥግ ጎትታ አምጥታ እግሬ ሥር ተኛች።

ቀብዱ ይመለስ አይመለስ ሳንነጋገር ተለያየን። ነገ ልጅቷን የት እንደሚያውሏትም አልነገሩኝም። ግን እናትየው ልትወጣ ስትል መስኮቱ ላይ የቀረውን የሚልኪን የውሃ ኮዳ አየችው። እጇን ሰደደችና መልሳ ተወችው።

አጥቤ እዚያው አስቀመጥኩት።