የኳሳችን ዜና ዕረፍት

ካርቱም፣ ቡሪ
ኅዳር 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፤

ሰላምታው ለጊዜው ይቆየንና በከባድ ሐዘን የማስታውቅሽ ነገር አለ። ኳሳችን አርፋለች። በተገዛች በአራተኛ ወሯ፣ በጥቅምት የመጀመሪያው ዓርብ፣ ከሲሚንቶ መጋዘኑ ጀርባ ባለው ሜዳችን ላይ በላይነህ ሲመታት እሾህ ላይ ወድቃ ፈንድታለች። ቀብሯም በዕለቱ ተፈጽሟል።

አሁን ሰላምታ። እንዴት ነሽ እማዬ? ጉልበትሽስ? ያቺ ተዋጊ ላምሽ ሰው ማክበር ጀመረች? እኔ አል-ማንሺያ ውስጥ የአንድ ሀብታም በር እጠብቃለሁ፤ በሩ እስከ ዛሬ አልተሰረቀም። ስልክ ያልደወልኩልሽ ጉንፋን ድምፄን ስለዘጋው ነው። ደብዳቤውን ወደ አገር የሚመለሰው ሀይሉ በመተማ በኩል ያደርስልሻል። ዲያቆን ዘማርያም፣ ስታነብላት አትቸኩል። እትዬ ሙላቷም አጠገባችሁ እንደተቀመጡ አውቃለሁ፤ ልጃቸው በላይነህ ከእኔ ጋር ካርቱም ከገባ ወዲህ ከዚህ የሚመጣ ወረቀት እሳቸው ሳይሰሙት ታጥፎ አያውቅም።

የሟቿ የሕይወት ታሪክ እንዲህ ነው። በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ሰሞን ስድስት ሆነን አዋጥተን ሱቅ ዓረቢ ገበያ ከሚነግደው ከኦመር ገዛናት። በቴሌቪዥን የምትታየዋን ኳስ ቁርጥ ናት፤ ከሩቅ። ኦመር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ወላሂ ኦሪጅናል! ይቺ ኳስ ከእናንተ በላይ ትኖራለች» ብሎ ማለልን።

በሳምንቷ ቀለሟ እግራችን ላይ ቀረ። በሁለተኛው ሳምንት ስፌቷን ስንመረምር ስፌት አይደለም፣ የስፌት ሥዕል ነው። ቆዳዋን በማጣበቂያ አያይዘው ላዩ ላይ ክር ሥለውበታል። በወሯ እንቁላል ሆነች። ወደ ቀኝ ስትመታ ወደ ግራ ትሄዳለች። በረኛችን ባዬ ስንት ጎል ከገባበት በኋላ፣ እኔ የምይዘው ኳስ እንጂ ሐሜት አይደለም ብሎ አኮረፈ።

በላይነህ ይዟት ወደ ኦመር ሄደ። ኦመር ጨመቃት፣ አሸተታት፣ ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጣት። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ኳሷ ምንም አልሆነችም፤ ኦሪጅናል ያልሆነው እግራችሁ ነው» አለ። በላይነህም፣ «እንግዲያው እግሬን ለውጥልኝ» ብሎት ሱቁ በሙሉ ሳቀ። እትዬ ሙላቷ፣ ልጅዎ ካርቱም ላይ ያልረሳው ነገር ቢኖር ምላሱን ነው።

ከሳቁት መሀል አብዱልወሃብ የሚባል ሰምሳር ነበረ። እዚህ ደላላን እንዲህ ነው የሚሉት። የእሱ ሸቀጥ የሊቢያ መንገድ ነው። በማግስቱ ክፍላችን ድረስ መጥቶ መኪናው ኦሪጅናል፣ ሹፌሩ ኦሪጅናል፣ ውሃው በበርሜል፣ በአምስት ቀን ሊቢያ፣ ኢንሻላህ አለን። እኔ በላይነህን ጎትቼ፣ ይህ ሰው የኦመር ወንድም ነው፤ ከመሳፈርህ በፊት ስፌቱን በጥፍርህ ነካ አድርገህ እይ አልኩት። እሱ ግን፣ «አንተ የሰው በር ጠብቅ፤ እኔ የራሴን ልፈልግ» አለኝና ሳቀ። ኳሷ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ማለዳ፣ ሄደ።

እትዬ ሙላቷ፣ የማይደውልልዎት በረሃው ኔትወርክ ስለሌለው ነው። አይስጉ። እሱ በእርስዎ እጅ የተሰፋ ነው፤ ክሩ ሥዕል አይደለም።

እማዬ፣ ኪዳነምሕረት ከክፉ ወሬ ትሰውርሽ። እህልሽ ይበርክት፣ ደጅሽ ሰው አይጣ። በተለይ በዚህ ሰሞን ደጅሽ ሰው አይጣ።

በር ጠባቂው
ልጅሽ

(ከወረቀቱ ጀርባ)

ዲያቆን፣ ድምፅህን አጥፋ። ይህን በዓይንህ ብቻ ተመልከተውና ወረቀቱን እጠፈው። እትዬ ሙላቷን ቤታቸው ሸኝተህ ስትመለስ ለእናቴ ብቻ ታነብላታለህ።

ማረሚያ፦

በፊተኛው ገጽ ኳሷ ፈንድታ ተቀብራለች ተብሎ የተገለጸው ስህተት በመሆኑ እንደሚከተለው ይታረም።

ኳሷ አልፈነዳችም። በላይነህ በፌስታል ጠቅልሎ ይዟት ሄዶ ነበር። ጣሊያን ኳስ የለም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ያ የእነሱ ነው አለኝ። ባለፈው ማክሰኞ ኦሊያድ የሚባል፣ አብሮት የተሳፈረ ልጅ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ብቻውን ተመለሰ። መኪናው የቆመው በሁለተኛው ቀን ነው። የበርሜሉ ውሃ ናፍጣ ናፍጣ ይል ነበር። ኦሊያድ ሌላውን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየኝም፤ ፌስታሉን ብቻ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ።

እማዬ፣ የእድሩ ድንኳን አየር ይምታው በያቸው። ቄሱና ሽማግሌዎቹ ወደ እትዬ ሙላቷ የሚሄዱት ሳይነጋጋ ይሁን። ከዚያ በፊት ብቻቸውን አታሳድሪያቸው፤ ላሚቱን አመካኝተሽም ቢሆን አንቺ ዘንድ ይደሩ።

ኳሷን በሚገባ መርምሬያታለሁ። ማጣበቂያዋ ይዟል፣ አየሯም አልጎደለም። ስለሆነም ነጋዴው ኦመር የኳሷን ዕድሜ አስመልክቶ በሰኔ ወር የሰጠው ቃል ትክክል ሆኖ መገኘቱን አረጋግጣለሁ።