ለአባባ የቀረቻቸው ቃል

ውድ ወንድምዓለም፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ በሕይወት አለን። «ደህና ነን» ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ግን ቅዳሜ ጠዋት ከሆነው በኋላ ያችን ቃል እንዲሁ መጻፍ ከበደኝ።

ባለፈው ደውለህ «አባባ፣ እኔ ነኝ» ስትላቸው «ሶስ!» ብለው መለሱልህ። ጆሯቸው ላይ ዘጋኸው። ለእማዬም «ዛሬም ያችን ነገር አልረሱም፤ ይሳለቁብኛል» ብለህ ላክህባት። አልፈርድብህም። አባባ ዋና ሼፍ በነበሩበት ሆቴል ማዕድ ቤት፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ የሠራኸውን ሶስ ቀምሰው «ይሄ ሶስ አይደለም፣ እጣቢ ነው» ብለው ድስቱን ሲደፉት እኔ አልነበርኩም፤ ቤት ስትገባ ግን ፊትህን አይቻለሁ። ሽርጥህን ጥለህ ከሄድክ ወዲህ አባትና ልጅ ዐይንና ናጫ ሆናችሁ።

ያልነገርንህ ነገር አለ። ስትሮክ እንደመታቸው ታውቃለህ፤ አንደበታቸው ምን እንደሆነ ግን እማዬ «ልጄ በሰው አገር አይጨነቅብኝ» ብላ አፌን አስያዘችኝ። ሐኪሟ እንዳለችው የሚባለውን ሁሉ ይሰማሉ፣ ሊሉ የፈለጉትንም ያውቁታል። አፋቸው የሚያወጣው ግን አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምድጃ ፊት ቆመው ሲጮኹባት የኖሩትን ቃል፦ ሶስ።

ውሃ ሲጠማቸው ሶስ። ቴሌቪዥኑን አጥፉት፣ ሶስ። አጠር አድርገው ከጣሏት «እሺ» ማለት ናት፤ መጨረሻዋን ወደ ላይ ከሳቧት «ማን መጣ?»፤ በጥርሳቸው መሃል ካፏጯት ከፊታቸው ዞር ማለት ነው። እማዬ ትራሳቸውን ስታስተካክል በሹክሹክታ የሚሏትን አልተረጉምልህም፤ የባልና ሚስት ነው። ጎረቤታችን ጸጉር ሠሪዋ ልትጠይቃቸው መጥታ «እንዴት ዋሉ?» ብትላቸው «ሶስ» አሏት። «ውይ፣ አምሯቸው ነዋ!» ብላ ሮጠች፤ በጎድጓዳ ሳህን የቲማቲም ሶስ ይዛ ከች! አባባ አንድ ማንኪያ ቀምሰው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ቀጥለው ያሏት «ሶስ» ስድብ ነበረች፤ እሷ ግን «ወደዱልኝ» ብላ ደስ ብሏት ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ለእኔም አልገባኝ አለ። እማዬ ስታስታምም አድራ ከማዕድ ቤቱ አጠገብ ባለችው ክፍል እንቅልፍ ወስዷታል። እኔ የደንበኛ ቀሚስ እየሰፋሁ ነው፤ ጉንፋን አፍንጫዬን ደፍኖታል። አባባ ሳሎን ውስጥ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ናቸው።

«ሶስ!» አሉኝ።

«እሺ አባባ፣ ቁርስ አሁን ይደርሳል።»

«ሶስ! ሶስ! ሶስ!»

«ኧረ ቀስ ይበሉ! እማዬን ሊቀሰቅሷት ነው እኮ።»

ተነሥቼ ክብሪቱን ከመደርደሪያው ላይ ሳነሣ ብርጭቋቸውን ወረወሩብኝ። ከትከሻዬ ጎን ግድግዳው ላይ ተሰባበረ። ወንድምዓለም፣ በእኔ ላይ እጃቸውን አንሥተው አያውቁም። ደሜ ፈላ። «ምን አደረግኩዎት?» ብዬ ጮህኩባቸው። ፊታቸው በላብ ተጠምቋል፤ ዐይናቸው እጄ ላይ ተተክሏል። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ወደ ማዕድ ቤት ገባሁ።

ክብሪት መዝዤ ልጭር ስል ከኋላዬ ዱብ አለ። ዘወር ብል ከወንበራቸው ወድቀዋል፤ በደህናው እጃቸው ወለሉን እየቧጠጡ፣ በብርጭቆው ስብርባሪ ላይ በደረታቸው እየተሳቡ ወደ እኔ ይመጣሉ። ሮጬ ላነሣቸው ጎንበስ አልኩ። የዘረጋሁትን እጅ አልያዙም፤ የያዙት ክብሪቱን ነው። ጨምድደው ደረታቸው ሥር ከተቱት። «ሶስ» አሉኝ፤ በጣም ቀስ ብለው፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

ያኔ ዝም አልኩ። ዝም ስል ሰማሁት። ጋዙ እያፏጨ ይወጣል። እኔ ያልሸተተኝን ያ በማዕድ ቤት ያረጀ አፍንጫቸው ከሳሎን ሆኖ አሽትቶት ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን እጄና እግሬ ናቸው የሚያውቁት። ሲሊንደሩን ዘጋሁ፣ መስኮቶቹን በረገድኩ፣ አባባን በብብታቸው ጎትቼ ደጅ አወጣሁ፤ ተመልሼ እማዬን ከነብርድ ልብሷ አስነሣኋት። ጸጉር ሠሪዋ ሁለት ዓይነት ጫማ አድርጋ እየሮጠች መጣች። ኋላ ጋዝ ጠጋኙ መጥቶ ቱቦውን አጠፍ ሲያደርገው ስንጥቁ አፉን ከፈተ። «አንዲት ክብሪት ብትጭሪ ኖሮ...» ብሎ ጀመረና የእማዬን ፊት አይቶ ተወው።

የአባባ ደረት ተቧጭሯል፤ ጥቂት ቦታ ተሰፍቷል። ሌላ የተጎዳ የለም።

ያን ጊዜ በሰው ፊት ማዋረዳቸው ልክ ነው አልልህም፤ እንደ እኔ እንደ እኔ ወጥ ረግጠዋል። በስልክ የሰማኸው ግን ስድብ አልነበረም። አንተ ከዘጋኸው በኋላ ስልኩን ልቀበላቸው ብል እምቢ አሉኝ። ጆሯቸው ላይ እንደያዙት ምሳ ቀረበ።

ትናንት የንግግር ሐኪሟ መጥታ «ሁለተኛ ቃል እናስተምራቸው፤ ምን ይሁን?» አለችን። እማዬ «ውሃ» አለች። እኔ «እሳት» አልኩ፤ ምን ላድርግ፣ ድንጋጤው ገና አለቀቀኝም። አባባ ለሁለታችንም በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በደህናው እጃቸው ግድግዳው ላይ ካሉት ፎቶዎች አንዱን አሳዩ፤ አንተ ብቻህን የተነሣኸውን።

ስምህን መረጡ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ እየታገሉት ነው። የመጀመሪያዋ ፊደል ወጥታለች፤ የቀረው ገና ነው። እሁድ ከምሳ በፊት ይደውሉልሃል፤ ቁጥሩን እኔ እመታላቸዋለሁ። ያቅታቸው ይሆናል፣ ይንተባተቡም ይሆናል። ብቻ እስኪጨርሱ ጠብቃቸው።

የምትናፍቅህ እህትህ፣
ልብስ ሰፊዋ