የቀኝ የኋላ ጎማ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
ከቤት

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላ የሚያስቸግረኝ የለም። ዛሬ የምጽፍልህ ስለ መኪናህ ነው። ስለ መኪናህ ከጻፍኩ ደግሞ ስለ ሚስትህ መጻፌ አይቀርምና ታገሠኝ።

ሌላ ከተማ ያለ ሆስፒታል ቀጥሯታል። እሁድ ጠዋት ትሄዳለች። ዕቃዋን የምትጭነው በመኪናህ ነው፤ ውሰጂው ያልኳት እኔ ነኝና ቅር ካለህ እኔን ተቆጣ።

ማክሰኞ ልትሞክረው ገባች። ሞተሩ ወዲያው ተነሣ፤ በየሳምንቱ እያስነሣሁ ባትሪውን ስለጠበቅኩልህ አላሳፈረኝም። ማርሽ አስገብታ ነዳጅ ስትሰጠው ግን መኪናው ከኋላው ቁጢጥ ብሎ እምቢ አለ። "ጨምሪለት!" አልኳት። ጨመረች። አንድ ክንድ ያህል ተጎተተና ቆመ። የቀኝ የኋላ ጎማ ሳይዞር ሲሚንቶው ላይ ጥቁር መስመር አስምሮ ቀረ።

እውነቱን ልንገርህ? ደስ አለኝ። እንግዲህ አትሄድም ብዬ ነው።

ደስታዬን ደብቄ ቱርቦን ጠራሁት። ጥግ ላይ ጋራዥ ያለውን፣ ከእጁ ይልቅ አፉ የሚፈጥነውን ታውቀዋለህ። ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና "ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው የነከሰው። ዕቃው እስኪገኝ ወር ይፈጃል" አለ። በልቤ ተባረክ አልኩት።

እሷ ግን እጅጌዋን ሰበሰበች።

"አባዬ፣ መኪናው ለመጨረሻ ጊዜ የተነዳው መቼ ነው?"

"ባልሽ የሄደ ጊዜ ነዋ።"

"የእጅ ፍሬኑ እኔ ዛሬ እስካወርደው ድረስ እንደተሳበ ነበር?"

"ታዲያስ! እስክመጣ እንዳትነኩት ብሎ የለ?"

ቃልህን እንደ ሕግ ይዤ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ያንን ፍሬን ንክች አላደረግኩትም። ሳቋን ዋጥ አደረገች።

የታክሲ ነጂ ልጅ መሆኗን ረስቼው ነበር። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ብታይ! በሽተኛ አልጋ አጠገብ እንደምትቆመው ሆና ነው የሠራችው። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፋ ኋላውን በክሪክ አነሣች። የግራው ጎማ በአንድ እጅ ዞረ፤ የቀኙ ንቅንቅ አላለም። ከላይና ከታች ይዛ ወዘወዘችው።

"ኩሽኔታ ቢሆን ይላወስ ነበር" አለች። ከሥር ገብታ የእጅ ፍሬኑን የሚስበውን ሽቦ፣ ካቮውን፣ ነካካች። "ካቮውም ላልቷል። ያልለቀቀው ውስጥ ያለው ነው።"

ቱርቦ በቀላሉ እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም። "የፍሬኑ ዘይት ታፍኖ ቢሆንስ?" አላት።

"እሱም ይሆናል፤ እንየዋ" አለችና ዘይቱ የሚተነፍስባትን ትንሽ ቡሎን ላላ አደረገች። ዘይቱ ጠብ ጠብ አለ፤ ጎማው ያው ነው። መልሳ አጠበቀቻት። "እንግዲህ የፍሬኑ ሸራ ከጎማው ጀርባ ካለው ታምቡር ጋር በዝገት ተጣብቋል።"

"ሲስተር፣ ሆስፒታሉ ካልተመቸሽ እኔ ጋ ሥራ አለሽ" አላት ቱርቦ። ሰውየው ሲሸነፍ ያምርበታል።

ጎማውን ፈትታ የታምቡሩን ዙሪያ በመዶሻ ቀስ እያለች መታች። አንዱን ጎን ትመታና ወደ ሌላው ትሄዳለች፤ ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል። እኔ አጠገቧ ቆሜ እንዳይለቅ እጸልያለሁ። በመጨረሻ ቋ! አለና ታምቡሩ በእጇ ዞረ። ቀና ብላ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ! ሳላስበው አጨበጨብኩ። ከዚያ ቤት ገባሁና አለቀስኩ።

ስወጣ ታምቡሩን አውልቃ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገች ነበር። ማታውን መኪናው ግቢውን ሦስቴ ዞረ። እንዲህ ያለች ሰው አይቼ አላውቅም ልጄ። ተስፋ የቆረጥንበትን ነገር ቁጭ ብላ፣ የቱ ደህና እንደሆነ የቱ እንደታመመ አንድ በአንድ ትለየዋለች። እስክትጨርስ ማንንም አትወቅስም፤ ስትጨርስም አልወቀሰችም።

አንተ ለእኔ ትጽፋለህ፤ ከታች "እሷንም ሰላም በልልኝ" ትላለህ። እላታለሁ። እሷም "እሺ አባዬ" ትላለች።

መሄዷን በስልክ ልነግርህ ነበር። "እንዳይደውሉለት። ከፈለገ ራሱ ይደውል" አለችኝና ቃል ገባሁላት። ደብዳቤ ግን አልከለከለችኝም። አሁን ስጽፍልህ አይታ፣ ሻይ አጠገቤ አስቀምጣ ወጣች። ከእሁድ በፊት እንደማይደርስህ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

ልጄ ነህ፤ እወድሃለሁ። አዲሱን አድራሻዋን ሰጥታኛለች። ካልጠየቅኸኝ አልነግርህም።

ጤና ይስጥህ፤ ያለህበት ይመችህ፤ ብቻህን አያስቀርህ።

የሁለታችሁም አባት