አባባ በሮቹን የከፈተበት ቀን

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6 ቀን

ለምወድህ፣ ዛሬ ግን ፊትህን ባላየው ለምመርጠው ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ ማለት ደንብ ነውና ብያለሁ። እኛ ደህና አይደለንም። አባባ ከግድብ በር ጠባቂነቱ ታግዷል። ሠላሳ አንድ ዓመት የያዘውን ቁልፍ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በእግሩ ወደ ቤት መጣ። በስልክ ያልነገርኩህ ከቤት ስለማይወጣና አጠገቤ ስለሚቀመጥ ነው።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ከላይ በኩል ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ዋለ። እኔ ያለሁበት የትንበያ ክፍል ግን “የውሃው ጭማሪ ዜሮ” አለ። ኃላፊው በሮቹ እንዳይከፈቱ አዘዘ። አባባ የውሃውን መለኪያ አየ፣ የውሃውን ቀለም አየ፣ ሁለት በር ከፈተ። ግድቡ ተረፈ፤ ታች ያለው የፓምፕ ቤት ግን ውሃ ገባበት። ግድቡ ሞልቶ ስላልፈሰሰ የአባባን ልክነት የሚመሰክር ነገር ጠፋ። “ያለ ትእዛዝ ከፍቷል፤ ዓይኑም ደክሟል” ብለው ጻፉበት። እሱስ ምን ቢል ጥሩ ነው? “ልጄ የሠራው ማሽን ዜሮ ካለ የዋሸኝ ዓይኔ ነው” ብሎ ፈረመላቸው!

ዓይኑ አልዋሸውም። የዋሸው ያንተ ፕሮግራም ነው።

አስር ቀን ሙሉ በፎርትራን የጻፍከውን ኮድ ሳገላብጥ ከረምኩ። ዝናቡን የሚደምረው ረዳት ፕሮግራም፣ ላይብረሪው፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚተረጉመው በድሮው ኮምፓይለር የተሠራ ስለሆነ ድምሩን በስምንት ባይት ያስረክባል። ዋናው ፕሮግራምህ ደግሞ በአዲሱ ኮምፓይለር ስለተሠራ አራት ባይት ብቻ ያነሳል፤ ያውም የታችኛውን ግማሽ። መለኪያዎቻችን በግማሽ ሚሊሜትር ስለሚቆጥሩ ድምሩ አጭር ቁጥር ነው፤ ሁሉም በላይኛው ግማሽ ያልቅና ታችኛው ውስጥ ምንም የለም። ዶፍ ቢወርድም ዜሮ! ሁለቱን የሚያያይዘው ሊንከር እንደሆነ፣ ስም ከገጠመለት ትንፍሽ አይልም።

“ሁለቱንም ባንድ ኮምፓይለር ሥራቸው” አላልኩህም? “እታለም፣ ሊንክ ካደረገ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? አትጨቅጭቂኝ” አልከኝ። የአውሮፕላን ትኬትህ ደርሶ ነበራ! ፈተንኩት ያልከውስ በምን ነበር? በበጋ ወራት መረጃ! ጠብታ ባልወረደበት ወር ዜሮ ሲወጣልህ “ልክ ነው” ብለህ ሻንጣህን ዘጋህ። አጅሬ! አንድ የክረምት ሳምንት መሞከር ስንት ደቂቃ ይፈጅብህ ነበር?

ትናንት ላይብረሪውን በአዲሱ ኮምፓይለር እንደገና ሠርቼ የዚያን ቀን ዝናብ ሰጠሁት። ጭማሪ፦ አንድ ሜትር ከአርባ። ወረቀቱ ላይ በትልቁ ጽፌው ቤት ገባሁ። የአባባ መነጽር መስኮቱ ላይ ነበር፤ ገና በሩ ላይ ሳለሁ “አንድ ከአርባ” ብሎ አነበበልኝ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ወረቀቱን ተቀብሎ አጠፈና ኪሱ ከተተው።

“ለማንም እንዳታሳዪ” አለኝ። “ልጁ ፈተና ላይ ነው። ስኮላርሺፑን ቢነጥቁትስ? እኔ እንደሁ ጡረታዬ ደርሷል።”

ጡረታው ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ለአንተ ሲል ራሱን ዕውር አደረገ፣ አንተ ደግሞ በየሳምንቱ እየደወልክ “አባባ እንዴት ነው?” ትለኛለህ።

ኮሚቴው አርብ ይቀመጣል። ስህተቱ የፕሮግራሙ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ከዚህ ኢሜይል ጋር አያይዣለሁ፤ እስከ ሐሙስ ፈርመህ መልስልኝ። ፈተና አለብኝ እንዳትለኝ። ብትፈርምም ባትፈርምም አቀርበዋለሁ። አባባ ግን ካንተ እጅ ቢያገኘው ይሻለዋል።

ከስምህ ሥር የእኔንም ስም አስገብቻለሁ። ሊንክ ያደረገችውን ትእዛዝ አንተ ብትጽፋትም ኮምፒውተሩ ላይ የተየብኳት እኔ ነኝ። ያቺን ዜሮ አትሜ ግድቡ ድረስ ያደረስኩትም እኔው ነኝ።

ፈጣሪ ይጠብቅህ። ብርድ ነው ብለሃልና ደረትህን ሸፍን፣ ምግብህንም በሰዓቱ ብላ። በፈተናህ ይቅናህ፤ ከልቤ ነው።

እህትህ

አባባ በዝናብ ውስጥ የበሩን መዘውር ሲያዞር፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት “አርጅተሃል፣ ተው!” ብዬ የጮህኩበት የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነበርኩ። እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅኩትም።